የታመቀ አየርና ዋጋው፦ ትልቅ ኮምፕሬሰር ከመግዛት በፊት

አየር በሚዛን ተመዝኖ ወይም በክንድ ተለክቶ የሚሸጥ ዕቃ ባለመሆኑ፣ ብዙ ሰው የታመቀ አየርንም ያለ ዋጋ እንደሚገኝ ነገር ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ የሥራ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያስገኛቸው የኃይል ዐይነቶች ሁሉ እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ይኸው የታመቀ አየር ነው። የኮምፕሬሰሩ ሞተር ከሚወስደው 100 እጅ ኤሌክትሪክ ውስጥ በቱቦው ጫፍ ጠቃሚ ሥራ ሆኖ የሚገኘው ከ10 እስከ 15 እጅ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ ወይም በየመጋጠሚያው ይፈስሳል። በዚህ ትምህርት የምናየው፣ ከሚባክነው ውስጥ በጥቂት ጥገና ሊመለስ የሚችለው የትኛው እንደ ሆነና፣ ኮምፕሬሰር የሚያስመጣ ወይም የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባው ነው።

የቀጥቃጩን ወናፍ ያየ ሰው የኮምፕሬሰርን መሠረት ዐውቋል፤ አየር ይገባል፣ ይጨመቃል፣ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። ከወናፍ ይልቅ ግን የብስክሌት መንፊያ የበለጠ ያስተምራል። ጎማ ሲነፉ ቈይተው በርሜሉን በእጅ ቢነኩት ይፋጃል፤ ይህ ሙቀት ከክንድዎ ጕልበት የተከፈለ ነው። በውስጡ ያለው የቆዳ ቀለበት ደርቆ እንደ ሆነ ደግሞ የቱንም ያህል ቢገፉ አየሩ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ቢያደርጉበት ግን መንፊያው እንደ አዲስ ይሠራል። እንግዲህ በቦሌ ለሚ ሼድ ውስጥ የቆመው ትልቅ ኮምፕሬሰርም ቢሆን፣ በጎሮ መንገድ ዳር ያለው የጎሚስታ ኮምፕሬሰርም ቢሆን፣ የሚታመሙት በዚሁ በመንፊያው ሕመም ነው።

የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በመጀመሪያው ክፍል በተሠሩት 20 ሼዶች ልብስና ጫማ እያመረቱ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ፋብሪካዎች ገብተውበታል። በእነዚህ ፋብሪካዎች የታመቀ አየር የማይገባበት ሥራ ጥቂት ነው። የስፌት መኪናውን ክር የሚቈርጠው፣ እግሩን የሚያነሣው፣ ቁልፉን በጨርቁ ላይ የሚመታው፣ የጫማውን ሶል የሚጫነው፣ ብናኙን ከመኪናው ላይ የሚያራግፈው እርሱ ነው። የአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ ማለትም አጎዋ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ በተቋረጠ ጊዜ፣ በአንድ ሸሚዝ ላይ የምትጨመር ሳንቲም ምን ያህል እንደምትከብድ ላኪዎቻችን በሚገባ አይተውታል። ከዚያም ወዲህ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ሞተር በብር የሚያወጣው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንሥቶ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲሻሻል ተወስኗል። በዚህ ዘመን አየር ሲያንስ ትልቅ ኮምፕሬሰር ገዝቶ መተካት የሚቀል መፍትሔ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ አስመጪው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ቦሌ ለሚም ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 76 እጅ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ አንድ ጊዜ በሳበ ቍጥር የሚገባለት አየር በመጠኑ እኩል ቢሆንም በክብደቱ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ጕዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ወጥቶ፣ መካኒኮች ቴስታታ ከሚሉት ክዳን ሥር ሲደርስ፣ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት የተጨመቀ አየር ይታሰራል፤ ፒስተኑ ሲመለስም ይህ የታሰረ አየር እንደ ምንጭ ተዘርግቶ ቦታውን ይይዛል፤ እርሱ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ አየር ከውጭ አይገባም። ለምሳሌ ያህል የፒስተኑ ጕዞ 60 ሚሊሜትር፣ የሚቀረው ክፍተት 3 ሚሊሜትር፣ የሚፈለገው ግፊት በመለኪያው 7 ባር ነው እንበል። ኮምፕሬሰሩ ከመርከብ ወርዶ በጅቡቲ ወደብ ቢሞከር፣ ፒስተኑ 12 ሚሊሜትር ያህል እስኪመለስ ድረስ አዲስ አየር አይስብም። ያው ኮምፕሬሰር ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ሲሞከር ግን፣ የውጩ አየር ስለ ሳሳ የታሰረው አየር ይበልጥ መዘርጋት አለበትና፣ የሚባክነው ጕዞ 15 ሚሊሜትር ይሆናል። የመሳሳቱንና የክፍተቱን ጕዳት አንድ ላይ ስናሰላ፣ በጅቡቲ 100 ኪሎ አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር በቦሌ ለሚ የሚሰጠው 71 ኪሎ ያህል ነው። መሣሪያዎቹ ግን ከፍታውን አይተው አይራሩም፤ በ7 ባር ለመሥራት ከ100 ኪሎ ውስጥ 97 ያህሉን እንደ ቀድሞው ይፈልጋሉ።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ርካሽ ኮምፕሬሰሮች ሰሌዳ ላይ «በደቂቃ 500 ሊትር» ተብሎ የሚጻፈው፣ ፒስተኑ በጕዞው የሚጠርገው ቦታ እንጂ በመውጫው የሚገኘው አየር አይደለም። ከላይ ባሰላነው መሠረት ይህ 500 ሊትር በባሕር ወለል 400 ያህል ይሆናል። በአዲስ አበባ ደግሞ በሚቀበሉት ክብደት ሲታሰብ ከ286 የባሕር ወለል ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ አስመጪው ለፋብሪካው በሚጽፈው ደብዳቤ «በ2,300 ሜትር ከፍታ፣ በ7 ባር ግፊት፣ በመውጫው ላይ በደቂቃ ምን ያህል ነጻ አየር ይሰጣል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። የሞተሩንም ነገር በዚያው ይጠይቅ፤ የተለመዱት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሌላ ካልተጻፈባቸው በቀር እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሳሳው አየር ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ይህን ጥያቄ የማይመልስ ሻጭ ቢያጋጥም፣ ሌላ ሻጭ መፈለግ የሚሻል ይመስለናል።

ወደ ክፍተቱ ጕዳይ እንመለስ፤ ብዙ የተሰወረ ኪሳራ ያለው እዚህ ነውና። ኮምፕሬሰር ተፈትቶ በተጠገነ ቍጥር የቴስታታው ጋስኬት ይለወጣል። ትክክለኛው ካልተገኘ መካኒኩ ካገኘው ወፍራም ወረቀት ቈርጦ ይሠራል፤ አየር እንዳያፈስ ደርቦ የሚያስገባም አለ። በምሳሌአችን ጋስኬቱ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢወፍር፣ የሚባክነው ጕዞ ከ15 ወደ 20 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ኮምፕሬሰሩ ከሚሰጠው አየር ከዘጠኝ አንዱ እጅ በዚያች በአንዲት ሚሊሜትር ይጠፋል። ሞተሩ አይጮኽም፣ ቧንቧው አያፈስስም፣ መለኪያው ውሎ አድሮ 7 ባር ያሳያል፤ ታንኩን ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ይረዝማል። በስፖርት ተኩስ የሚያገለግለውን፣ በክንድ እየተነፋ አየር የሚታመቅበትን ሽጉጥ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው የተረዱት ናቸው፤ እነርሱ ኃይል ሲያንሳቸው በመጀመሪያ የሚመረምሩት የመንፊያውን ቀለበትና በጫፉ የሚቀረውን ክፍተት ነው እንጂ፣ ብዙ ጊዜ በመንፋት ክንዳቸውን አያደክሙም።

ክፍተቱን ፈጽሞ ላጥፋው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ፒስተኑ ቴስታታውን ከመታ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ቀን ያልቃል። የሚፈለገው የሠሪው ፋብሪካ የወሰነው ውፍረት ብቻ ነው። መካኒኩ ከገጠመ በኋላ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መዘውሩን በእጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙረው፤ የሚነካ ነገር ካለ በእጁ ይሰማዋል። እግረ መንገዱንም ፋሻዎቹንና ስስ የብረት ቅጠል የሆኑትን ቫልቮች ይመርምር፤ በቫልቭ ላይ የተጋገረ ጥቀርሻ ቫልቩ እንዳይዘጋ ስለሚያደርገው፣ የተጨመቀው አየር ተመልሶ ይገባና ያው ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ዘይቱም ለኮምፕሬሰር የተባለው ይሁን፤ የመኪና ሞተር ዘይት ሲያገለግል አይተናል፣ የሚያተርፈው ግን ያንኑ ጥቀርሻ ነው።

የሚገባው አየር ቀዝቃዛ ቢሆን ይመረጣል። በየ4 ዲግሪው ሙቀት 1 እጅ ያህል ኃይል ይባክናል፤ በቆርቆሮ ቤት ተዘግቶበት የራሱን ትኵስ ትንፋሽ መልሶ የሚስብ ኮምፕሬሰር ከውጩ አየር በ20 ዲግሪ የሞቀ አየር ቢስብ 5 እጅ ይከፍላል። መሳቢያውን በሰፊ ቧንቧ ጥላ ወዳለበት ወደ ውጭ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በአቧራ የተዘጋ ፊልትሮና የላላ ቺንጊያም እንዲሁ ናቸው፤ ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያሻም።

ግፊትን ያለ ምክንያት ከፍ ማድረግ ግን በቦሌ ለሚም ሆነ በየጋራዡ የተለመደ ስለ ሆነ ጥቂት እንበልበት። በ7 ባር አካባቢ እያንዳንዱ ተጨማሪ ባር ከ6 እስከ 7 እጅ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። አብዛኛዎቹ አየር የሚጠቀሙ የስፌት መኪናዎች 5 ባር አካባቢ ይበቃቸዋል፤ የቤት መኪና ጎማም ከ2 ባር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ታዲያ ኮምፕሬሰሩ ለምን በ8 ባር ይሠራል? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በመሥመሩ መጨረሻ ያለ አንድ መኪና ነው። እርሱ አየር አነሰኝ ስላለ የፋብሪካው ሁሉ ግፊት ከፍ ይደረጋል። በሽታው ግን ከመኪናው ላይ አይደለም፤ ወደ እርሱ የሚሄደው ቱቦ ቀጥኖ ወይም ተጣምሞ ይገኛል። ያን ቱቦ በሰፊ መተካት ለመቶ መኪና ግፊት ከመጨመር ይልቅ ይረክሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው የሚፈስሰው አየር ነው። ጥገና በጎደለው መሥመር ከሚመረተው አየር ከ20 እስከ 30 እጅ በፍሳሽ መጥፋቱ የተለመደ ነው። በ7 ባር መሥመር ላይ ያለ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ያህል ኃይል ይወስዳል፤ ይህም በዓመት 6,000 ሰዓት ለሚሠራ ፋብሪካ 18,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ታሪፉ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ በብር አላሰላነውም፤ አንባቢው ይህን ቍጥር በራሱ የመብራት ደረሰኝ ላይ ባለው ዋጋ አባዝቶ ይመልከት። ውኃ ሲፈስ ወለሉ ይረጥባል፣ ዘይት ሲፈስ ይቈሽሻል፤ አየር ግን ምልክት አይተውም፣ ድምፁንም የመኪናዎቹ ጫጫታ ይውጠዋል።

የምርመራው መንገድ ቀላል ነው። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ አየር የሚጠቀም መሣሪያ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ኮምፕሬሰሩ ብቻውን እንዲሠራ ይተዉት። ግፊቱን ለመመለስ የሚሠራበትን ጊዜና ዐርፎ የሚቈይበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ። 2 ደቂቃ ሠርቶ 6 ደቂቃ የሚያርፍ ከሆነ፣ ከ8 ደቂቃ ውስጥ 2ቱን ለፍሳሽ ሠርቷል፤ ይህም 25 እጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ይዞ በየመጋጠሚያው፣ በየቱቦው ጫፍና በየቫልቮላው መቀባት ነው፤ አረፋ የሚነሣበት ቦታ ሌባው ያለበት ነው።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ቀን በጎሮ አካባቢ ካገኘሁት ባለጎሚስታ ጋር ተነጋግረን ነበር። ካላማዳሪ እየለጠፈ «ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩ ደከመ፤ ዕቁቤ ሲወጣልኝ ትልቅ ልገዛ ነው» አለኝ። ሰሌዳው በደቂቃ 500 ሊትር የሚል፣ ታንኩ 200 ሊትር የሚይዝ ነበር። «እስቲ በመጀመሪያ እንየው» ብዬ ታንኩን እስከ 7 ባር ሞልተን ሞተሩን አጠፋን። በ10 ደቂቃ ውስጥ መለኪያው ወደ 5 ባር ወረደ። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 200 ሊትር በ2 ባር ሲባዛ 400 ይመጣል፤ ይህም በ10 ደቂቃ 400፣ በደቂቃ 40 የባሕር ወለል ሊትር መፍሰሱን ያሳያል። ኮምፕሬሰሩ በዚህ ከፍታ በደህና ጊዜው የሚሰጠው 286 ያህል ከሆነ፣ ከሰባት አንዱ እጅ ጎማ ሳይነካ ይጠፋል ማለት ነው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ መንገዱን ስነፋ ኖሬአለሁ?» አለና ሣቀ። ቴስታታው ሲፈታ ደግሞ ከወፍራም ወረቀት የተቈረጠ ሁለት ድርብ ጋስኬት ተገኘበት።

እዚህ ላይ የማይነኩ ነገሮችን መናገር ግዴታችን ነው፤ ኃይል ለመጨመር ሲባል የሰው ሕይወት የጠፋበት ሥራ ነውና። ከመጠን ያለፈ ግፊትን የሚያስተነፍሰው የደኅንነት ቫልቭ አፈሰሰ ተብሎ ፈጽሞ አይጠበቅም፣ አይደፈንም፤ ከተበላሸ በአዲስ ይተካል። በታንኩ ሥር የሚጠራቀመው ውኃ በየቀኑ ይለቀቅ፤ ካልተለቀቀ ብረቱን ከውስጥ ይበላውና ታንኩ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ለውኃ የተሠራ የፒቪሲ ፕላስቲክ ቧንቧ ለታመቀ አየር አይሆንም፤ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ስለሚበታተን የሚወረወረው ስባሪ ይቈርጣል። ባለሱቅ ወንድሞቻችን ቧንቧ ሲሸጡ ለምን ሥራ እንደ ሆነ ቢጠይቁ ደንበኛቸውን ከአደጋ ያድናሉ። በፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ ከልብስ ላይ ብናኝ በአየር ማራገፍ ልማድ ሆኗል፤ የታመቀ አየር በቆዳ በኩል ሊገባ፣ ዐይንና ጆሮም ሊያጠፋ ይችላልና ይህ መከልከል አለበት።

በንግድ በኩል ስናየው፣ በሱማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ትልቁን ኮምፕሬሰር ደርድሮ ገዢ ከሚጠብቅ፣ ለየሞዴሉ በልኩ የተቈረጠ ጋስኬት፣ ፋሻ፣ የቫልቭ ቅጠል፣ ፊልትሮ፣ ቺንጊያና የማያፈስ የቱቦ መጋጠሚያ ቢይዝ ገንዘቡ ቶሎ ይዘዋወርለታል። አስመጪውም ኮምፕሬሰሩን ሲያዝ የሁለት ዓመት ጋስኬትና ቫልቭ በዚያው ሣጥን እንዲገባለት ቢያደርግ፣ ተጨማሪው ክብደት ጥቂት ኪሎ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ዕቃ ሲጠፋ ነው መካኒኩ ወደ ወፍራሙ ወረቀት የሚሄደው።

ባለጎሚስታው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለልኝ። ጋስኬቱን በልኩ ለውጦ፣ ሁለት መጋጠሚያዎችና አንድ ያረጀ ቱቦ አውጥቶ ጥሏል። ያንኑ ምርመራ ደግሞት፣ መለኪያው ከ7 ወደ 5 ባር ለመውረድ በፊት 10 ደቂቃ የፈጀው አሁን 60 ደቂቃ እንደ ፈጀበት ነገረኝ። ዕቁቡ ወጥቶለት ነበር፤ ጎማ ገዛበት።